የተቆረጠችው «ች»

በመምህርነት ዘመኔ ከሠራኋቸው ስሕተቶች አንዷን ልናዘዝ። በ1994 ዓ.ም ነው። ሥነ ጽሑፍ አስተምር ነበር። አንድ የጊሼ ልጅ ስለ አንድ ልቦለድ ላወጣሁት ጥያቄ ሦስት ገጽ ሙሉ ጽፎ መለሰልኝ። ሐተታው የሚያጠነጥነው ባልየው ትዳሩን ጥሎ በመሄዱ ላይ ነው። ጉድ እኮ ነው! በልቦለዱ ውስጥ ጥላ የሄደችው ሚስትየዋ ናት። «መጽሐፉን ሳታነብ ነው የጻፍከው» ብዬ በቀይ ሞነጨርኩበትና ከ20 6 ሰጠሁት። ልጁ አልተከራከረኝም። እኔም ዝምታውን ጥፋቱን እንደማመን ቆጠርኩት።

በ2011 ዓ.ም ለሌላ ጉዳይ ወደ መንዝ ወጣሁ። ጣርማ በር ላይ ከዋናው መንገድ ተገንጥለን፣ በሞላሌ አድርገን መሐል ሜዳ ስንገባ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በማግስቱ ባና የደረበ ጎልማሳ መንገድ ላይ አቁሞ «መምህር!» አለኝ። ያ የጊሼ ልጅ ነው። አሁን እዚያው አማርኛ ያስተምራል። ሻይ ጠጥተን ስናበቃ «አንድ ነገር ላሳይዎት» ብሎ ወደ ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ወሰደኝ፤ ከአንድ መደርደሪያም ያንን ልቦለድ አወጣ።

የቀኝ እጅ ገጾቹ ውጭኛው ጠርዝ ሰያፍ ተቆርጧል። ከላይ በቂ ኅዳግ አለው፤ ወደ ታች ሲወርድ እየጠበበ ይሄድና የመጨረሻዎቹ አምስት ስድስት መስመሮች ላይ ስለቱ ፊደል ውስጥ ይገባል። ባልና ሚስቱ የተጣሉበት ምዕራፍ የሚያበቃው በዚያ ጥግ ነው። «ሄደች» የሚለው ቃል «ች»ንም አራት ነጥቡንም ተገፍፎ «ሄደ» ሆኗል። በቀጣዩ ምዕራፍ ሁለቱም የሉም። ልጁ ለዕረፍት አገሩ ሲገባ ተውሶ ያነበበው ይህን ቅጂ ነበር። ያነበበውን በትክክል አንብቧል።

«ለምን ያኔ አልነገርከኝም?»

«ምኑን ልንገርዎት መምህር? እኔ የማውቀው እሱን መጽሐፍ ነው። መቆረጡን ያወቅሁት ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ፣ ሌላ ቅጂ እጄ ሲገባ ነው።»

ይህች መልስ እስከ ዛሬ ትከነክነኛለች።

መጽሐፍ እንዴት እንደሚቆረጥ ብዙዎቻችን ልብ አንለውም። ትልቁ ወረቀት ከታተመ በኋላ ይታጠፋል፤ እጥፋቶቹ በተራ ተሰብስበው ይሰፋሉ ወይም በሙጫ ይጣበቃሉ፤ ከዚያ ክምሩ ከመቁረጫው ማሽን ሥር ገብቶ በሦስት ጎኑ ይከረከማል። ለዚህ ክርክም ተብሎ በየጎኑ አብዛኛውን ጊዜ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይተዋል። ክምሩ በደንብ ካልተስተካከለ ወይም ስለቱ ከዶለዶመ ወረቀቱ ይንሸራተትና ቆረጣው ይጠማል። ኅዳጉ ሰፊ ቢሆን ይህ ሁሉ ለዓይን ከማስጠላት አያልፍም ነበር። እኛ ግን ወረቀት ተወደደ እያልን ኅዳግ ስንበላ ኖረናል። ሣንቲም ለማዳን የተጠበበው ኅዳግ ለስለቱ ስሕተት ቦታ አልተወለትም። መንዝ የበግ አገር ነው፤ በግ የሚሸልት ሰው ጠጉሩን ያነሣል እንጂ ቆዳውን አይነካም።

የብራና ጸሐፊዎቻችን ነገሩን የያዙት ከሌላው ጫፍ ነበር። ቆዳው ተፍቆ ከደረቀ በኋላ መጀመሪያ በልኩ ይቆረጣል፤ ቀጥሎ በወስፌ እየተወጋ ይሰመራል፤ ቀለም የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። በብዙ ብራናዎች ኅዳግ ላይ የወስፌው ቀዳዳ ዛሬም ይታያል። ጸሐፊው የገጹ ዳር የት እንዳለ እያየ ነው የሚጽፈው። በማተሚያ ቤት ግን ጽሑፉ ቀድሞ ስለቱ ይከተላል፤ የመጨረሻው አርታኢ መቁረጫው ነው።

«አንድ ፊደል ብትጎድል ምናለበት፣ አንባቢ ከአገባቡ ይሞላዋል» የሚለኝ አይጠፋም። በአማርኛ ግን ጉዳዩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ከቃሉ ጫፍ የምትቆረጠው ፊደል ብዙ ጊዜ ጾታ ናት፤ በመነሻው ያለችው ደግሞ መስተዋድድ ናት። የቀኝ ገጽ ሲቆረጥ የመስመሩ መጨረሻ ይሄዳል፤ የግራ ገጽ ሲቆረጥ መነሻው። «ርስቱን ከአባቱ ወረሰ» የሚለው ዐረፍተ ነገር «ከአባቱ» ላይ አዲስ መስመር ቢጀምርና «ከ» ብትወድቅ፣ ወራሹ አባትየው ሆኖ ቁጭ ይላል። በርስት ሲሟገት በኖረ አገር ይህ ቀልድ አይደለም። የቀረው ቃል የደኅና አማርኛ ቃል ስለሆነ ምንም የሚያስጠረጥር ነገር የለውም። አራት ነጥቡ መጥፋቱ ሊያነቃን ይገባ ነበር፤ ነገር ግን ነጥብ የጎደለበት መጽሐፍ ስንቱን አንብበናል!

ሕትመታችን ስሕተቱን ማመን ያውቃል። የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ ተስፋ ጽዮን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1548 እና በ1549 የግእዙን ሐዲስ ኪዳን ሮም ላይ ሲያሳትም፣ አታሚዎቹ ቋንቋውን ባለማወቃቸው ለገባው ግድፈት አንባቢን ይቅርታ ጠይቋል። በቀደሙት የአማርኛ መጻሕፍትም «ማረሚያ» የሚል ገጽ ማየት የተለመደ ነበር፤ ገጽ ይህን ያህል፣ መስመር ይህን ያህል፣ እንዲህ ይታረም እያለ ይዘረዝራል። የፊደል ለቀማ ስሕተት በሁሉም ቅጂ ላይ አንድ ዓይነት ስለሆነ ይህ ይቻላል። የቆረጣ ስሕተት ግን የእትሙ አይደለም፤ የዚያች የአንዲት ቅጂ ነው፣ ቢበዛ አብረዋት ከስለቱ ሥር የገቡት ጥቂት ቅጂዎች። ደራሲው እጁ የደረሰው ደኅናው ነው። ኀያሲውም እንደዚሁ። ማረሚያ ማን ይጻፍለት?

አዲስ አበባ ላይ ቢሆን ገዥው መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ አድርጎ «ሌላ ስጠኝ» ይላል፤ እዚያው ያበቃል። መሐል ሜዳ መደርደሪያ ላይ ያለችው ግን አንዲት ቅጂ ናት። እዚያ እትሙ ማለት እሷ ናት። ይህኛው መጽሐፍ የመጣው በስጦታ ካርቶን ነው፤ ከጎኑ የነበሩትን አገላብጬ ሳይ ሁለቱ ገና ከእጥፋታቸው ያልተለያዩ ገጾች ነበሩባቸው፣ በምላጭ ካልሆነ የማይነበቡ። ሰጪውን አልጠራም። ግን ሱቅ ላይ ገዥ የገፋው መጽሐፍ ወዴት እንደሚጓዝ ያኔ ጠረጠርኩ፤ አሁንም እጠረጥራለሁ።

ሌላውን ስወቅስ ራሴን መተው የለብኝም። እኛ የሥነ ጽሑፍ መምህራን ስለ ጭብጥ፣ ስለ ግጭት፣ ስለ አንጻር ስንት ሰዓት ተከራክረናል! ዶናልድ ሌቪን መንዝ ተቀምጦ ያጠናውን በ1965 (በፈረንጅ) ሲያሳትም «ሰምና ወርቅ» ብሎ የሰየመበትን የቅኔ ጥበብ፣ አንዲት ፊደል ጠብቃ ስትላላ ትርጉም እንደምትገለብጥ፣ ክፍል ውስጥ እየተመጻደቅሁ አስተምሬያለሁ። አንድም ቀን ግን ተማሪዬን «ያነበብከው የትኛውን ቅጂ ነው?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ሦስቱን ገጾቹን ዛሬ ሳስታውሳቸው፣ ባልየው ጥሎ ስለሄደበት ልቦለድ የተጻፉ በጣም ጥሩ ገጾች ነበሩ።

መምህሩ መጽሐፉን እንደገና ገልጦ አሳየኝ። የጎደሉትን ፊደሎች ከሌላው ቅጂ እያመሳከረ በእርሳስ መልሷቸዋል። «ች»ን ግን የሚጽፍበት ወረቀት ጠርዙ ላይ የለም፤ ከቃሉ ሥር አነስ አድርጎ አስገብቷታል። ይህን ቅጂ ስጠኝና ሁለት አዳዲስ ልላክልህ አልኩት።

«አዲሶቹን ይላኩልን መምህር፤ ይሄኛው ግን አይወጣም፣ መዝገብ ላይ ያለ ነው» ብሎ ወደ መደርደሪያው መለሰው።