‹‹ገዢቶ›› ምን ማለት ነው?
የኪራይ ውልን አድሶ የሽያጭ ውል ማድረግ ለጸሐፊዎች የተለመደ አቋራጭ ነው። ኮምፒዩተሩን ‹‹ተከራይ››ን ፈልገህ በ‹‹ገዢ›› ተካ ይሉታል። እሱም ይታዘዛል፤ አቤት መታዘዝ! ‹‹ተከራይቶ›› የሚለው ‹‹ገዢቶ›› ሆኖ ቁጭ ይላል። ‹‹ተከራዩ›› እና ‹‹ተከራዮች›› ግን ንክች አይደረጉም። ለፕሮግራሙ ‹‹ይ›› እና ‹‹ዩ›› ዝምድና የላቸውማ። እንግዲህ ቤቱ አንቀጽ 1 ላይ ገዢ፣ አንቀጽ 4 ላይ ተከራይ አለው ማለት ነው።

ስም ፍለጋውም ያው ነው። እስቲ ‹‹ኃይሉ››ን ፈልጉ። ሰነዱ ላይ ‹‹ሀይሉ›› ተብሎ ከተጻፈ መልሱ ‹‹አልተገኘም›› ነው። እንግሊዝኛው እኮ እንዲህ አይበደልም፤ ካልከለከሉት በቀር ትልቁንና ትንሹን ፊደል አንድ አድርጎ ይፈልጋል። የእኛ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ሀ፣ ሐ እና ኀ የየራሳቸው ቁጥር ተሰጣቸው። ደግ ተደረገ፤ ፊደል መቀነስ የኮምፒዩተር ሥራ አይደለም። ፈላጊው ግን ከቁጥሩ አልፎ ማየት ነበረበት። አብዛኞቹ የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራሞች ይህን አያደርጉም፤ ሠሪዎቹም አማርኛን በፊደል መልኩ እንጂ በአረባቡ አላሰቡትም ያሰኛል።

እኔን ከሁሉ የሚያናድደኝ በራስ መተማመኑ ነው። ሲጨርስ ‹‹ይህን ያህል ቦታ ተተክቷል›› ብሎ በኩራት ቁጥር ይነግራል። ስንቱ እንዳመለጠው ግን ትንፍሽ አይልም። ጸሐፊው ቁጥሩን አምኖ ያትማል፤ ተዋዋዮቹም ይፈርማሉ።