ከመጨረሻው ኳስ በፊት ያለው ኳስ

በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ግብ አስቆጥሮ የፕሪሚየር ሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ። ዋንጫውን ግን የጎንደሩ ፋሲል ከነማ ወሰደ፤ ለዳባትና ለደባርቅ ደጋፊ ያ ዓመት የፋሲል ዓመት ነው።

የአንድ ሰው የግብ ብዛት ስለ ቡድኑ ማጥቃት የሚነግረን ጥቂት ነው። ካሳዬ አራጌ ያሰለጠነው ቡና ኳስን ከበረኛው ጀምሮ በአጭር ቅብብል መስርቶ የሚወጣ ቡድን ነበር። ታዲያ የተጋጣሚን የመጀመሪያ መስመር ሰብሮ ኳሷን ለአማካዩ ያደረሰው ተከላካይ፣ ድርሻው የት ተመዘገበለት?

ኤክስጂ የሚባለው ልኬት ግማሽ መንገድ ይሄዳል። ሙከራው ከምን ያህል ርቀት፣ በምን ማዕዘን፣ በእግር ወይስ በጭንቅላት እንደተደረገ አይቶ ግብ የመሆን ዕድሉን ይገምታል። ፍጹም ቅጣት ምት 0.76 አካባቢ ነው። ሙከራ ከሌለ ግን ዝም ይላል።

እኔን የሚማርከኝ ካሩን ሲንግ የሠራው ኤክስቲ የተባለው ልኬት ነው። ሜዳውን በርዝመቱ 16፣ በወርዱ 12 አድርጎ በ192 ሳጥን ይከፍለዋል። ኳስ እዚህ ሳጥን ውስጥ የያዘ ተጫዋች ምን ያህል ጊዜ ይሞክራል? ሲሞክርስ ስንቱን ያገባል? ካልሞከረ ኳሷን ወዴት ይወስዳታል? ስሌቱ ሁሉንም ሳጥን ዜሮ ብሎ ይነሳል። በመጀመሪያው ዙር ዋጋ የሚያገኙት በቀጥታ ወደ ግብ የሚሞከርባቸው ናቸው። በሁለተኛው ዙር ለእነሱ ኳስ የሚያደርሱት ሳጥኖች ከዋጋቸው ይካፈላሉ፤ በሦስተኛው ደግሞ ለእነዚያ የሚያቀብሉት። ከሰሜን ተራሮች የሚነሳ ውሃ ቁልቁል እስከ ቆላው ማሳ እንደሚደርስ፣ ዋጋው ከግቡ አፍ ተነስቶ ወደ ኋላ ይወርዳል። አራት አምስት ዙር ሲሆን ቁጥሮቹ ረግተው ይቆማሉ። ከዚያ በኋላ የአንድ ቅብብል ዋጋ ኳሷ ከደረሰችበት ሳጥን ዋጋ ላይ የተነሳችበት ሲቀነስ የሚቀረው ነው። እንዴት ያለ ንጹህ ሥራ ነው! የመሃል ተከላካይና የግብ አዳኙ በአንድ ሚዛን ላይ ተቀመጡ።

የተከላካዮችን አቋቋም አለማየቱ ትልቅ ጉድለቱ ነው። ማንም በሌለበት የተሰጠ ኳስና በሦስት ሰው መሃል የሾለከ ኳስ፣ መነሻና መድረሻቸው አንድ ከሆነ እኩል ይቆጠሩለታል።

ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ሊሎንግዌ ላይ የውበቱ አባተ ብሔራዊ ቡድን ግብጽን 2 ለ 0 ረታ። ከደባርቅ በላይ ባለው ገደል የሚኖረው ዋልያ ስሙን የሰጠው ቡድን! ግቦቹ የዳዋ ሆቴሳና የሽመልስ በቀለ ናቸው። ያ ጨዋታ በዚህ ሚዛን ቢታይ፣ ከግቡም በላይ የምጓጓው ሽመልስ መሃል ሜዳ ላይ ኳሷን በነካ ቁጥር ምን ያህል ወደ ፊት እንዳስጠጋት ለማየት ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው እያንዳንዱ ቅብብል ከየት ወደ የት እንደሄደ የሚመዘግብ ትጉህ ሰው ነው። ሊጉ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በዲኤስቲቪ ስለተላለፈ ምስሉ አለ። የመዝጋቢ ትዕግስትም ለዳባት እንግዳ አይደለም፤ እዚያ በ1996 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምርምር ሥራ መዝጋቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ጽፈዋል። በዚያ ትዕግስት የፋሲልን የዋንጫ ዓመት ቅብብል በቅብብል የሚጽፍልን ከተገኘ፣ እኔ መጀመሪያ የምገልጠው የመሃል ተከላካዮቹን ገጽ ነው።