ጨዋ፣ መሃይም፣ አራት ዐይና፦ የመማር ቃላት በስሜን ግርጌ

ብዙ መጻሕፍት ያነበበን ሰው ለይቶ የሚያከብር አንድ ነባር ቃል በአማርኛ አለመኖሩ የቋንቋው ድህነት ሳይሆን ትምህርቱ የቆመበት መሠረት ውጤት ነው። ከጎንደር በዳባት አልፎ ወደ ደባርቅ በሚወጣው መንገድ ዙሪያ ባሉ የአብነት ትምህርት ቤቶች፣ እንደ ሌላውም የሊቃውንት አገር፣ ንባብ መጀመሪያ እንጂ መድረሻ አይደለምና «አንባቢ» የሚለው ስም ባለቤቱን ከደጃፍ አያሳልፈውም።

በንባብ ቤት ሕፃኑ ፊደል ቆጥሮ የዮሐንስን መልእክት ከያዘ በኋላ ያንኑ ገጽ በግእዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ እየመላለሰ ይወጣዋል፤ ቃሉ ተነሽ ይሁን ወዳቂ፣ ተጣይ ይሁን ሰያፍ (እነዚህ ድምፅ የሚነሣበትንና የሚያርፍበትን ቦታ የሚለዩ የንባብ ስልቶች ናቸው) ጆሮው እስኪለይ ድረስ የኔታ ወደፊት አያሳልፉትም። 150ውን መዝሙር ሲጨርስ «ዳዊት ደገመ» ይባላል፤ ይህም በመንደሩ ዘንድ ትልቅ ማዕረግ፣ በጉባኤው ዘንድ ግን የጉዞ ስንቅ ብቻ ነው። ለእንግዳ ሊቅ የሚቀርበው ጥያቄም ምን እንዳነበበ ሳይሆን ከማን ጉባኤ እንደዋለ ነው፤ ዕውቀቱ በቃል የተያዘ፣ ከአፍ ወደ ጆሮ የተሻገረ ነዋ። ብሉያትን፣ ሐዲሳትን፣ ሊቃውንትንና መነኮሳትን፣ ማለት አራቱን የመጻሕፍት ጉባኤ ከነትርጓሜያቸው ያደላደለው መምህር «አራት ዐይና» ሲባል ዐይን የተቆጠረለት በመጽሐፍ ብዛት ሳይሆን በጉባኤ ልክ ነው። «ሊቅ» ራሱ በግእዝ ሽማግሌ፣ አለቃ ማለት ሲሆን ይህ ነባር ፍቺው ዛሬም «ሊቀ መንበር» በሚለው ስያሜ ውስጥ ይሰማል።

ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን ያልተማረው ሰው የሚጠራበት ቃል ነው። «መሃይም» ከግእዙ «መሃይምን» የወጣ ሲሆን ትርጉሙ አማኝ፣ ታማኝ ነበር፤ «ጨዋ»ም በመካከለኛው ዘመን የንጉሥ ሠራዊት መጠሪያ፣ ኋላም የደህና ቤተሰብ ልጅ፣ ምግባረ መልካም ማለት ሆኖ ሳለ በቤተ ክህነት ሰዎች አፍ የአብነት ትምህርት የሌለው ምእመን ማለት ነው። ሁለቱም ቃላት ክብር ነበራቸው፤ ይለዩ የነበሩትም ብልህን ከደንቆሮ ሳይሆን ካህንን ከሕዝብ ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መሃይምነትን እንደ ጠላት ሲያውጅ ግን አማኙ ገበሬ የሚጠፋ ጉድለት ተሸካሚ ሆነ። ዘመቻው ሚሊዮኖችን ፊደል ማስቆጠሩ የሚካድ ባይሆንም ቃሉን ማዋረዱ መታለፍ የለበትም።

«ምሁር» በተቃራኒው ከፍ ያለ ቃል ነው፤ በግእዝ የተማረ፣ የሠለጠነ ከማለት ያለፈ ክብደት ያልነበረው ቅጽል፣ ዛሬ ዲግሪን፣ አንዳንዴም ከሕዝብ መራቅን ያመለክታል። «ቀለም የቀመሰ» ደግሞ ጥቂት የተማረን ያሞግስም ይሸረድድም፤ የከተማ ተማሪዎች «ቀለሜዋ» የሚሉት ጎበዝም ከዚያው ቀለም የተቀዳ ነው።

ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተባት ወዲህ እነዚህ ሚዛኖች በአንድ ከተማ ይገናኛሉ። በማኅሌት ሌሊት ጸናጽልና መቋሚያ የያዙት መሪጌቶች ሲወርቡ፣ ዲግሪውን የያዘው ወጣት ነጠላውን አጣፍቶ ከምእመናኑ መካከል ይቆማል፤ ምሁር መሆኑን የማይክዱት ካህናት በዚያች ሰዓት «ጨዋ» ቢሉት ቅር የሚለው የለም።