ወንጌልን ማወጅ እስከ የት ይደርሳል? የ1964ቱ የመካነ ኢየሱስ ደብዳቤ እንደገና ሲነበብ

የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1964 ዓ.ም. ጄኔቫ ለሚገኘው የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አንድ ደብዳቤ ላከች። ርእሰ ጉዳዩ የወንጌል ስብከትና የሰው ልማት ግንኙነት ነበር። በዚያን ጊዜ ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። ዛሬ ደብዳቤው «ሁለንተናዊ አገልግሎት» ለሚባለው አስተሳሰብ መነሻ ሰነድ ሆኖ ይጠቀሳል። መጠቀሱ ተገቢ ነው፤ የሚጠቀስበት መንገድ ግን ሰነዱን አለዝቦታል።

ደብዳቤውን የወለደው የገንዘብ ጉዳይ ነው። የምዕራብ፣ በተለይም የጀርመን፣ ለጋሾች ለክሊኒክና ለትምህርት ቤት እጃቸውን ሲዘረጉ ለወንጌላውያን ሥልጠና ግን ይሰስቱ ነበር። ከለጋሾቹ አገሮች መንግሥታት የሚመጣ የልማት ገንዘብ ለስብከት እንዲውል አይፈቀድም ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱ ደግሞ በፍጥነት እያደገች አገልጋይ አጥሯታል። የ1963ቱ ጠቅላላ ጉባኤ ለጋሾች መመዘኛቸውን እንደገና እንዲያዩ ፌዴሬሽኑ እንዲያግባባ ጠየቀ፤ ደብዳቤው ይህንኑ ጥያቄ በሥነ መለኮት አስደግፎ ያቀረበ ነው።

ስለዚህ «ነፍስም ሥጋም ይታሰብ» የሚለው የተለመደ ማጠቃለያ ዋናውን ነጥብ ይስታል። የደብዳቤው ክርክር የሰውን ችግር ማን ይወስናል የሚለው ነው። ሰው የሚጎድለው ቁሳቁስ ብቻ ነው ብሎ የሚነሳ ልማት፣ ውስጡ ያልበሰለን ሰው ለአዲስ ክፋት ሊዳርገው እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ቄስ ጉዲና በወጣትነታቸው በነቀምት በሕክምና ረዳትነት የሠሩ ናቸውና ይህን ያሉት ክሊኒክን ንቀው ነው ማለት አይቻልም።

ብዙ ጸሐፊዎች ደብዳቤውን ከ1966ቱ ዓለም አቀፍ የወንጌል ስርጭት ጉባኤ፣ ከሎዛን ጉባኤ፣ ጋር በአንድ ጅረት ያስቀምጡታል። እዚህ ላይ አልስማማም። በሎዛን እንደ ሬኔ ፓዲያ ያሉ የላቲን አሜሪካ ተናጋሪዎች ለሰባኪያን የተናገሩት ፍትሕን እንዳይዘነጉ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ለለጋሾች የተናገረችው ስብከትን እንዳይዘነጉ ነበር። ሁለቱም መነጣጠልን ይቃወማሉ፤ የሚሟገቱት ግን ከተለያየ ወገን ጋር ነው። ይህ ካልተለየ የኢትዮጵያው ድምፅ የሎዛን የገደል ማሚቶ ይመስላል፤ በሁለት ዓመት ቀድሞ ሳለ!

ደብዳቤው ጉድለትም አለበት። በ1964 ዓ.ም. በደቡብና በምዕራብ ብዙ ገበሬ በሰው መሬት ላይ ጭሰኛ ነበር፤ ከምእመናኑም መካከል እንዲህ የሚኖሩ ነበሩ። የደብዳቤው ክብደት ግን ያረፈው በጄኔቫና በለጋሾች ላይ እንጂ በመሬት ሥሪቱ ላይ አይደለም። የሚወቅሰው ባሕር ማዶ ያለውን አሠራር ነው፤ በራስ ደጅ ስላለው ጌታና ጭሰኛ ይህን ያህል አይደፍርም።

ድፍረቱ የመጣው በየካቲት 1967 ዓ.ም. ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ስለ አብዮቱ ባወጣችው የእረኝነት መልእክት፣ ማንኛውም ርዕዮተ ዓለም ፍጹም ተደርጎ ሊወሰድ እንደማይችልና ሙሉ ታማኝነት ለእግዚአብሔር ብቻ እንደሚገባ አስታወቀች። ወንጌልን የማወጁ ስፋት እዚህ ላይ ይታያል፤ ወንጌል ለነፍስና ለሥጋ ብቻ ሳይሆን ለመንግሥትም ቃል እንዳለው ተናገረች። ቄስ ጉዲና ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተገደሉ፤ አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

ዛሬ የቤተ ክርስቲያኒቱ ልማት በልማትና ማኅበራዊ አገልግሎት ኮሚሽን ሥር ይካሄዳል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅም የሃይማኖት ተቋማትን ከወሰኑ ውጭ አድርጎ የበጎ አድራጎት ክንፎቻቸውን ግን በሕጉ ሥር አስገብቶ ነበር። ይህ አከፋፈል ለአሠራር ይመች ይሆናል። ነገር ግን ደብዳቤው የተቃወመው መለያየት በመዋቅር ተመልሶ መጥቷል፤ ስብከት በአንድ በጀት፣ ልማት በሌላ። ለመንግሥት የሚነገረው ቃል የማን ሥራ እንደሆነ ደግሞ በሁለቱም በጀት ውስጥ አይታይም። የ1964ቱን ደብዳቤ ከ1967ቱ መልእክት ነጥሎ የሚያስተምር ኮሌጅ የቄስ ጉዲናን ሥነ መለኮት ግማሹን ብቻ ነው የሚያስተምረው።