ከናፍቆት በስተቀር ደኅና ነኝ

በልጅነቴ የአያቴ ደብዳቤ አንባቢ እኔ ነበርሁ። አክስቴ ከጅዳ በምትልካቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ከሰላምታው ቀጥላ የምትመጣው ዓረፍተ ነገር አንዲት ናት፤ «እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር በጣም ደኅና ነኝ»። አያቴ ይህችን ከሰማች በኋላ የቀረውን ብዙም አታደምጥም። አክስቴ ከዓመታት በኋላ ተመልሳ ስታጫውተን ግን፣ በዚያ ዘመን ደኅና የነበረችባቸው ቀናት ጥቂት ነበሩ። ዋሽታለች አልልም። የምትጽፈው ለእናቷ ነበር።

ይህን ያስታወሰኝ ከሩቅ አገር የመጣ ንባብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ በነበሩት ጥቂት ዓመታት፣ በአሜሪካ የአፓላቺያንን ረጅም የእግር መንገድ የተጓዙ ሰዎች ፖኬትሜይል በምትባል የኪስ መሣሪያ የጻፏቸውን የዕለት ማስታወሻዎች ሳነብ ሰነበትሁ። መሣሪያዋ ዛሬ ከገበያ ጠፍታለች። ማስታወሻዎቹ ግን አንድ ጥያቄ ጥለውልን አልፈዋል፤ የዕለት ማስታወሻ ለማን ይጻፋል?

መንገዱ ከጆርጂያው ስፕሪንገር ተራራ ተነሥቶ፣ 14 ግዛቶችን አቋርጦ፣ ሜይን ውስጥ ካታህዲን ተራራ ላይ ያበቃል። ርዝመቱ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚጓዝ ሰው አምስት፣ ስድስት ወር ጫካ ለጫካ ይከርማል፤ በየጥቂት ቀኑ ስንቅ ለመሸመት ወደ ከተማ ብቅ ይላል።

ፖኬትሜይል ግማሽ ኪሎ የማትሞላ፣ በሁለት ትንንሽ ባትሪ ድንጋዮች የምትሠራ፣ ጥቂት መስመሮች ብቻ የሚታዩባት ግራጫ መስኮትና ደቃቃ ቁልፎች ያሏት ዕቃ ነበረች። መንገደኛው ማታ ድንኳኑ ውስጥ ተኝቶ ይጽፍባታል። ጽሑፉ ግን እዚያው ታስሮ ይቆያል። ከተማ ሲደርስ የሕዝብ ስልክ ፈልጎ ነፃ ቁጥር ይደውላል፤ የመሣሪያዋን ጀርባ ከስልኩ እጀታ ጋር አፍ ለጆሮ ገጥሞ አንዲት ቁልፍ ይጫናል። መሣሪያዋ ጽሑፉን ወደ ድምፅ ለውጣ በስልኩ ውስጥ ትጮኸዋለች፤ ከወዲያ ያለው ማሽን ጩኸቱን መልሶ ፊደል ያደርገዋል። የአራት የአምስት ቀን ማስታወሻ በአንድ ጊዜ ለቤተሰብና ለወዳጅ በኢሜይል ይደርሳል፤ ከእነሱ የተጻፈውም በዚያው መስመር ይመጣል። ፎቶግራፍ የለ፣ ድምፅ የለ፤ ፊደል ብቻ።

እንግዲህ ወደ ጽሑፎቹ እንምጣ። እውነቱን ለመናገር፣ ካነበብኋቸው የሚበዙት እንደ ሥነ ጽሑፍ ደካሞች ናቸው። ዛሬ ይህን ያህል ማይል ሄድሁ፤ ዘነበ፤ እግሬ ውኃ ቋጠረ፤ መኮሮኒ በላሁ። ነገም ያው ነው። ይህን ጥፋት እንኳ ለመንገዱ ልናካፍለው እንችላለን፤ ስድስት ወር መራመድ ራሱ መደጋገም ነውና። የሚከፋው ሌላው ነው። ጸሐፊው እናቱ እንደምታነበው ያውቃል፤ ስለዚህ ፍርሃቱ ቀልድ ይለብሳል። ትቼ ልመለስ ብሎ ያሰበበትን ሌሊት በሚጽፍበት ስፍራ ሁሉ ግሡን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ «አስቤ ነበር» ነው የሚለው፤ «እያሰብሁ ነው» ሲል እምብዛም አላገኘሁትም። ጭንቀት የሚነገረው ካለፈ በኋላ ነው። አክስቴም ብትሆን ታማ እንደነበር የጻፈችልን ከዳነች በኋላ ነበር።

በሌላው ሚዛን ላይ አርል ሼፈር አለ። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1948 ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት መልስ መንገዱን በአንድ ወቅት ከጫፍ እስከ ጫፍ በመጓዝ የመጀመሪያው ተብሎ የተመዘገበ ነው። የጻፈው በትንሽ ጥቁር ደብተር ላይ ነበር፤ ደብተሯ ዛሬ በስሚዝሶኒያን ተቋም ትገኛለች። በ2011 አንድ ጠበቃ በደብተሯ የሰፈረውን ከጥንቱ የመንገዱ መስመር ጋር አመሳክሮ፣ ሼፈር አንዳንዱን ስፍራ በመኪና ተሳፍሮ አልፎታል ሲል ተከራከረ። የክርክሩን ዳኝነት ለመንገደኞች እተወዋለሁ። እኔን የገረመኝ፣ በባለቤቷ ላይ ምስክር ሆና የቀረበችው የገዛ ደብተሩ መሆኗ ነው። አንባቢ ይጠብቀኛል ብሎ ያልጻፈ ሰው የሚደብቀው አነስተኛ ነው።

ታዲያ ፖኬትሜይል ማስታወሻን አበላሸ ብዬ ልፍረድ? አልፈርድም። መሣሪያዋ ሳታስበው የሰጠችው አንድ ጸጋ አለና፤ እሱም መዘግየት ነው። ሰኞ ማታ የተጻፈው የሰኞ ቀን ተጽፎበት ይቀመጣል። የሰኞው ጸሐፊ የረቡዕን ዝናብ አያውቅም። ሼፈር ጉዞውን የተረከበት መጽሐፍ በአፓላቺያን መንገድ ማኅበር የታተመው በ1983 ነው፤ ያን መጽሐፍ የሚተርከው ሼፈር ካታህዲን መድረሱን ያውቃል። የድንኳኑ ጸሐፊ ግን መድረስ አለመድረሱን ሳያውቅ ይጽፋል፤ አንባቢው አራቱን ቀን ባንድ ትንፋሽ ሲያነብ፣ የሰኞው ተስፋ ሐሙስ ላይ ሲሰበር በዓይኑ ያያል። ፎቶግራፍ ባለመኖሩም ጭጋጉን በቃል መሳል ግድ ይሆናል። ከሁሉ በላይ፣ በሚጽፍበት ሌሊት አጨብጫቢ የለም። አድናቆቱ የሚደርሰው የሚቀጥለው ከተማ ሲገባ ነው።

የዛሬው መንገደኛ ሞባይሉን ይዞ ተራራው ጫፍ ላይ ፎቶግራፍ ይልካል፤ ኔትወርክ ባይኖር በሳተላይት መልእክት ይሰዳል። ከተራራው ሳይወርድ ምላሹ ይደርሰዋል። ለደኅንነቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ቁርጭምጭሚቱ የተሰበረ ሰው የሕዝብ ስልክ ፍለጋ አይዳክርም። ለጽሑፉ ግን እሰጋለሁ። ማታ የሚጽፈው ቀን የተወደደለትን ዓይነት ይሆናል።

«በእነዚያ አራት ቀናት እኮ ጸሐፊው መሰረዝም ይችል ነበር» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው። የተሰረዘው ለእኛ አልደረሰንም። እንዲያውም እዚያው ስልኩ ሥር ቆሞ «ይህን እማዬ ባታየው ይሻላል» ያለ ስንቱ እንደሆነ ማን ይቆጥራል? ስለዚህ ለመንገደኛ ሁሉ፣ በእግርም ይጓዝ በአውሮፕላን፣ ምክሬ ሁለት ማስታወሻ እንዲይዝ ነው፤ አንዱ የሚላክ፣ አንዱ የማይላክ። የመጀመሪያው ለወገን ዕረፍት ይሰጣል፤ ሁለተኛው የሆነውን ያስቀራል።

ይህን ጽሑፍ ልጨርስ ስል አክስቴ ዘንድ ሄጄ፣ ጅዳ ሳለሽ ለራስሽ የምትጽፊበት ደብተር ነበረሽ ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ቡናዋን እየቀዳች ሳቀች።

«ማን ያነበዋል ብዬ?» አለችኝ።

እኔ አነበው ነበር። በልጅነቴ ባይሆን፣ ዛሬ።