ስለ «ሶኬት» አሰያየምና ስለ እግሮቹ አቆጣጠር

በሰቆጣ ለኤሌክትሪክ ዕቃዎች የኽምጣና ስያሜ ለማውጣት የሚነሣ ሰው መነሻው የአማርኛው ቃል መሆኑ አይቀርም። ስለዚህ በአማርኛው ያለው ጉድለት ወደ ሌላው ቋንቋ ሳይሻገር መመርመር ይገባዋል።

«ሶኬት» በአማርኛ የሁለት ዕቃዎች ስም ነው፤ ይኸውም የግድግዳው ባለ ቀዳዳና በሽቦ ጫፍ ያለው ባለ እግር። ባለሙያዎች «ሴቴ»ና «ወንዴ» እያሉ ይለዩአቸዋል። «መሰኪያ» ቢባልም አይበቃም፤ «መጥረጊያ» የመሣሪያ፣ «መግቢያ» የስፍራ ስም እንደ መሆናቸው፣ «መሰኪያ» ወደ ሁለቱም ያጋድላል። በእኛ አስተያየት የግድግዳው «መሰኪያ»፣ የሽቦው «ተሰኪ» ቢባሉ ይሻላል።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበን በእግር ቁጥር መሰየም ነው። «ባለ ሦስት እግር» ሲባል የምድር ሽቦ ያለው፣ «ባለ ሁለት» ሲባል የሌለው ይመስላል። (እግር የሚሸከም እንጂ የሚጨበጥ አይደለም የሚል ቢኖር እውነት አለው፤ ሆኖም ሕዝብ የለመደውን ቃል ለዚህ ሲሉ መጣል አያስፈልግም።) በአገራችን በ220 ቮልት የሚያገለግሉት ሁለቱ የታወቁ ተሰኪዎች ይህን አሰያየም ያፈርሱታል። የቀጭኑ እግሮች ውፍረት 4 ሚሊሜትር ሲሆን የተወሰነላቸው ኃይል 2.5 አምፔር ብቻ ነው። ወደ ጫፋቸው ጥቂት መቀራረባቸው በመሰኪያው ውስጥ ጠብቀው እንዲያዙ፣ ከሥራቸው በፕላስቲክ መሸፈናቸውም በከፊል በተነቀሉ ጊዜ ጣት ብረቱን እንዳይነካ ነው። የምድር መገናኛ ግን የለውም። ሹኮ የተባለው ወፍራሙም ባለ ሁለት እግር ነው፤ እግሮቹ 4.8 ሚሊሜትር ሆነው እስከ 16 አምፔር ያሳልፋሉ፤ በግራና በቀኝ ጎኑ ያለው ብረትም ከእግሮቹ ቀድሞ ከምድር ሽቦ ጋር ይገናኛል። «ሹኮ» በጀርመንኛ «መከላከያ ንክኪ» ከሚል ስም ያጠረ ነው፤ ሰያሚዎቹ የተመለከቱት ሥራውን እንጂ ቁጥሩን አይደለም። በእንግሊዞቹ ተሰኪ ሦስተኛው እግር ከሌሎቹ የረዘመውም ለዚሁ ሲባል ነው፤ አስቀድሞ ከምድር ይገናኛል፣ የሁለቱን ቀዳዳዎች መከለያም ይከፍታል።

እንግዲህ የእንጀራ ምጣድ ሹኮ ቢበላሽና «ያው ባለ ሁለት እግር ነው» ተብሎ በቀጭኑ ቢተካ፣ ተሰኪው ከአቅሙ በላይ ይግላል፤ የውስጡ ሽቦ የምጣዱን ብረት በነካ ጊዜም ኤሌክትሪኩ ወደ ምድር የሚወርድበት መንገድ አይኖርም፤ የሚያገኘው የጋጋሪዋን እጅ ነው። ስለዚህ «ባለ ምድር ተሰኪ» እና «ምድር የለሽ ተሰኪ» የሚሉትን እናቀርባለን። የኽምጣናው ሰያሚም ቁጥሩን ትቶ ይህን ልዩነት በገዛ ቋንቋው ቃል ቢገልጸው እንመርጣለን።