እንቆቅልሽ አጫዋች በምን ይመዘናል?

እንቆቅልሽ የሚያጫውት ሰው ሌላ ቦታ የማይፈቀድ ሥልጣን አለው። ጠያቂው እሱ፣ መልሱን የሚያውቀው እሱ፣ «አላገኘኸውም» ብሎ የሚፈርደውም እሱ ነው። የተረታው ሰው አገር ሲሰጥ ተቀባዩም እሱው ራሱ ነው። ችሎት ላይ ቢሆን ዳኛው ይነሣልኝ ይባል ነበር። ጨዋታ ላይ ግን ማንም አይቃወምም። የአጫዋቹ ሙያም የሚመዘነው በዚሁ ነው፤ መርታት ሲያምረውና በእውነት መፍረድ ሲገባው ለየትኛው ያደላል?

ለዚህ ምዘና ወምበራን የመሰለ ቦታ ጥቂት ነው። ወምበራ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን፣ ሺናሻ፣ ኦሮሞ፣ አማራና ጉሙዝ የሚኖሩበት ወረዳ ነው። ወረዳው ከደጋ ተነሥቶ እስከ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። አንድ ቤት ውስጥ ለጨዋታ የሚሰበሰቡት ልጆች አንዱ አፉን በአማርኛ ሲፈታ ሌላው አማርኛን ያገኘው ትምህርት ቤት ነው፤ የአንዱ ቤት እንጀራ ሲጋግር የሌላው የማሽላ ገንፎ ያገነፋል። እዚህ በደንብ ያጫወተ ሰው የትም ያጫውታል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው የጥያቄው ምርጫ ነው። ጥሩ እንቆቅልሽ መልሱ ሲነገር «እንዴት ጠፋኝ!» ያሰኛል፤ ይህን ለማለት ደግሞ ነገሩን ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ጤፍ ከማይዘራበት ቆላ ለመጣ ልጅ ስለ አብሲትና ስለ እርሾ ጠይቆ አገር መቀበል ዘረፋ ነው። «ሲወለድ ቀንድ፣ ሲያድግ ቤት» ብሎ ሽመልን (የቆላውን ቀርከሃ) የጠየቀ አጫዋች ግን ሁሉም በሚያየው ነገር ጠይቋል። የሽመል ቡቃያ ከመሬት እንደ ቀንድ ሹል ሆኖ ይወጣል፤ ጎልምሶ ግድግዳና ጣሪያ ይሆናል። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ይህን ያላየ ልጅ ማግኘት ይከብዳል። ከባድነቱ ከአነጋገሩ እንጂ ከነገሩ ባዕድነት አልመጣም።

ሁለተኛው ያልታሰበ መልስ ሲመጣ የሚሆነው ነው። እንበል አጫዋቹ «ባዶውን ዝም ይላል፣ ሲያጎርሱት ይጮኻል» አለ። በልቡ የያዘው ወፍጮ ነው። አንዱ ልጅ ብድግ ብሎ «ጠመንጃ!» አለ። መልሱ ይገጥማል፤ እንዲያውም ከወፍጮው ይበልጣል ቢባል ያስኬዳል። ደካማው አጫዋች «አይደለም» ብሎ አገር ይጠይቃል። መካከለኛው «እሱም ይሆናል፣ የኔ ግን ወፍጮ ነበር» ብሎ ያልፋል። ጎበዙ መልሱን ተቀብሎ መረታቱን ያምናል፤ ከዚያ ወፍጮን ይናገርና የትኛው ይሻላል ብሎ ለቤቱ ይተወዋል። አንድ ተከራካሪ መቼም አይጠፋምና «የሞተር ወፍጮ ባዶውንም ይጮኻል!» ይላል። ቤቱ ይሟሟቃል፤ አጫዋቹም አንድ አገር አጥቶ ምሽቱን አተረፈ።

እንዲህ ባለ ቤት አራት ዓይነት ተጫዋች ይታያል። አገር ለመሰብሰብ የመጣ አለ፤ ስንት እንደያዘ ከአፉ አይለይም። ክርክር የሚወድ አለ፤ ለእሱ መልሱ የክርክሩ መነሻ ነው። አገር የሚቀበለው ለፉከራው ብቻ የሆነ አፈ ጮሌ አለ። ጥጉን ይዞ እየሳቀ ማድመጥ የሚበቃውም አለ። በባሕር ማዶ ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 እ.ኤ.አ. «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለውን የጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታ (ተጫዋቾች ምናባዊ ሰው ሆነው የሚጫወቱትን) ካሳተሙ ወዲህ በዚያ የሚጫወቱ ሰዎችም ይህንኑ የተጫዋቾች ፍላጎት መለያየት ሲያነሡ ሲጥሉ ኖረዋል። ሮቢን ሎውዝ በ2002 እ.ኤ.አ. ለአጫዋቾች ባሳተመው መጽሐፍ ተጫዋቾችን በፍላጎታቸው ከፋፍሎ፣ ኃይል ማካበት የሚወደውን፣ ዘዴ የሚያሰላውን፣ ትወና የሚያምረውንና እንዲያው ለመቀመጥ የመጣውን ለይቷል። ለመጨረሻው ያለው ምክር ጥሩ ነው፤ ዝም ያለውን ሰው በግድ ወደ መሐል አትጎትተው፣ መገኘቱ በራሱ ጨዋታውን ያግዛል። የእኛም አዋቂ አጫዋች ይህን አይስተውም፤ አድማጩን ተራ አስይዞ አያስጨንቀውም፣ ግን አንድ ቃል ከተነፈሰ ጆሮውን ይሰጠዋል።

ሦስተኛው መለኪያ አገሩ ነው። «አገር ስጠኝ» ሲባል ተረቺው አንድ ቦታ ይጠራል፤ ጠያቂው ካልጣመው አልፈልግም ብሎ ሌላ ይጠይቃል። ከተስማሙ በኋላ እዚያ አገር ገብቶ ያደረገውን ይፎክራል፣ ተረቺውን ይሸነቁጣል፣ መልሱንም ይገልጻል። እንቆቅልሽ የሚና ጨዋታ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ተራው ፎካሪ ጎንደርም ይሰጠው ድባጤ ያንኑ የለመደውን ይደግማል። ባለሙያው የተሰጠውን አገር ይጠቀምበታል። ጉባ ከተሰጠው በ2003 ዓ.ም. የተጀመረውን ግድብ አይዘነጋም፦ «ጉባ ገብቼ መብራቱን ለአገር ሁሉ አደልኩ፤ ያንተን ቤት ኩራዝ ግን አጥፍቼ ወጣሁ» ይላል። ኩርሙክ ከተሰጠው ወርቁን አጥቦ ለራሱ፣ አሸዋውን ለተረቺው ያካፍላል። ቦታው ተለውጦም ፉከራው ያው ከሆነ፣ ፉከራው አልተሠራም፣ ተሸምድዷል።

ሽንቆጣው ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ስድቡ በስንፍናው፣ በሆዳምነቱ፣ እንቅልፍ በመውደዱ ላይ ሲያርፍ ተሰዳቢው ቀድሞ ይስቃል። በትውልዱ፣ በአነጋገሩ ቃና ወይም በመልኩ ላይ ሲያርፍ ግን ሳቁ ከአንድ ወገን ብቻ ይሰማል። በ2013 ዓ.ም. ብዙ ሰው በማንነቱ የተገደለበት መተከል ውስጥ ይህ ልዩነት የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጥሩ አጫዋች ስድቡ ወደዚያ ሲያዘነብል ተቆጥቶ ጨዋታውን አያቆምም፤ ቀልጠፍ ብሎ «እሱን ተወውና እኔን ስደበኝ፣ አገር የሚበዛብኝ እኔ ነኝ» ይልና ዱላውን በራሱ ጀርባ ይቀበላል። እንዲህ ሲያደርግ ያየ ሰው ሌላ ማስረጃ አያሻውም።

አራተኛው ትዕግሥት ነው። ቶሎ የሚመልሰው ሁልጊዜ ብልሁ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ቋንቋው የራሱ የሆነው ነው። ጥያቄውን በሺናሽኛ ወይም በጉሙዝኛ አስቦ በአማርኛ የሚመልስ ልጅ ሁለት ሥራ ነው የሚሠራው። ጎበዝ አጫዋች ጥያቄውን ቀስ ብሎ ይደግመዋል፣ «ሕይወት አለው? ይበላል?» ለሚሉ መጠይቆች በደስታ ይመልሳል፣ ቸኳዩን «መልስህን ጆሮዬ ላይ ንገረኝ» ብሎ ይይዘዋል። ቸኳዩ ማወቁ ታወቀለት፤ ሌላውም ጊዜ አገኘ።

እነዚህን ሁሉ ለማየት ፋታ የሌለው ተመልካች አንዱን ብቻ ይያዝ፤ አጫዋቹ በምሽቱ ስንት ጊዜ ተረታ? አንድም ጊዜ ካልተረታ ወይ ጥያቄዎቹ ሰዎቹ ከማያውቁት ዓለም የመጡ ናቸው፣ ወይ ፍርዱ ተዛብቷል። ሁልጊዜ ከተረታም ለይሉኝታ እየለቀቀ ነው፣ ይህን ደግሞ ልጆች ወዲያው ይነቁበታል፤ የተለቀቀ አገር አያኮራም። በጥሩ አጫዋች ቤት አገር ከእጅ እጅ ይዞራል፤ የተረታውም «ቆይ፣ አሁን እኔ ልጠይቅ» ብሎ ወንበሩን ይስባል። ዳኝነቱን ሳይቆጥብ የሚያስረክብ ሰው ካያችሁ፣ አጫዋች አግኝታችኋል።